ለማያስታውስ ልጅ ምን ይሰጣል?

 

የታናሽ ወንድሜ ልጅ በቅርቡ አንድ ዓመት ይሞላታል። ቤተሰቡ የሚኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ፣ በኪራይ ቤት ነው። ባለቤቱ ሰሞኑን ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ለልጅዎ ምን ሊያመጡላት ነው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ሰነበትኩ። መልሱ የገበያ ጉዳይ ብቻ አልመስል አለኝ።

የልደት ቀን ማክበር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ከዑለማእ መካከል ከሌሎች የተቀዳ ልማድ ነው ብለው የሚከለክሉ አሉ፤ የዒባዳ መልክ እስካልያዘ ድረስ የዓዳ ጉዳይ ነው የሚሉም አሉ። አንባቢ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ቀኑ ራሱ ቢሆን አንድ አይደለም። በሂጅራ አቆጣጠር ዓመቱ 354 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ልጅቷ በእኛ ካላንደር ዓመት ከምትሞላበት ቀን 11 ቀን ያህል ቀደም ብላ አንድ ዓመቷን ጨርሳለች። እናታችንማ አላህ ይዘንላትና የተወለደችበትን ቀን አታውቅም ነበር፤ «ጣሊያን ሊወጣ ሲል» ነበር የምትለን። ያም ሆኖ በየዘመኑ ዘመድ ሕፃን ወዳለበት ቤት ባዶ እጁን መሄድ አይወድም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታ መሰጣጠት መዋደድን እንደሚያመጣ አስተምረዋል። ስለዚህ ጥያቄዬ ከቀኑ ይልቅ ስለ ስጦታው ነው፦ ዛሬ ለማያውቅ፣ ነገም ለማያስታውስ ሰው የሚሰጥ ስጦታ ምን ማለት ነው?

ተቀባዩ ማነው?

ስጦታ ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ግን የሚያብረቀርቀውን አሻንጉሊት ትቶ በተጠቀለለበት ወረቀት ይጫወታል። የወርቅ ጉትቻና የመዳብ ጉትቻ ለእሱ አንድ ናቸው። ማን እንደሰጠው፣ ምን እንዳወጣበት፣ ከማን እንደበለጠ አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። እንግዳው ያውቃል፤ አያቶች ያውቃሉ፤ ፎቶ አንሺውም ያውቃል። እንግዲህ ለሕፃን ብለን ከምንሸከመው ዕቃ ስንቱ በሕፃኑ አናት ላይ አልፎ ለአዋቂዎች የሚደርስ መልእክት ነው? «አጎቷ ይህን አመጣ» ለመባል የተገዛ ስጦታ፣ ተቀባዩ ሕፃኑ ሳይሆን ተመልካቹ ነው።

በሌላ በኩል ስናየው ደግሞ፣ ሕፃን ማለት ውለታ መመለስ የማይችል ሰው ነው። አያመሰግንም፤ አያወድስም፤ ዘንድሮ ሰጠኝ ብሎ ለከርሞ አያስታውስም። አዋቂ ለአዋቂ ሲሰጥ ውስጡ ብዙ ጊዜ ብድር ይደበቅበታል፤ ለሠርግ የሰጠ በሠርጉ ይጠብቃል። ለሕፃን የሚሰጥ ሰው ግን፣ ተመልካቹን ከልቡ ማስወጣት ከቻለ፣ ኒያውን ሊፈትን የሚችልበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም። የልጁ አለማስታወስ ስጦታውን ከንቱ አያደርገውም፤ ሰጪውን ግን ይገልጠዋል።

ቀድሞ የተሰጠው ስጦታ

ልብ ብለን ካየን ሸሪዓችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የጀመረው ልጁ ዓመት ሳይሞላው ነው። ሕፃን ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ይታረድለታል፤ ስም ይወጣለታል፤ ጸጉሩ ይላጫል። በሐዲስ እንደተዘገበው ሐሰን በተወለዱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ፋጢማ የሕፃኑን ጸጉር እንድትላጭና በክብደቱ ልክ ብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) ሶደቃ እንድትሰጥ አዘዋታል። የሰባት ቀን ሕፃን ጸጉር ምን ያህል ይመዝናል? በጣም ጥቂት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱን አስተውሉት። የዓቂቃው ሥጋ ለጎረቤትና ለድሃ ይከፋፈላል፤ ብሩም ከቤት ይወጣል። ሕፃኑ በዚህ ዓለም ላይ ከሰዎች ጋር የሚያደርገው የመጀመሪያው ግንኙነት በስሙ ለሌላው መስጠት ነው። ተቀባይ ሆኖ ከመቆጠሩ በፊት ሰጪ ሆኖ ተቆጠረ።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ለሕፃን ትርጉም ያለው ስጦታ የመጀመሪያው መለኪያ በዙሪያው ካሉ ሰዎች ጋር የሚያስተሳስረው መሆኑን ነው። ከእኩዮቹ የሚለየውና በላያቸው የሚያቆመው ስጦታ የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ተከራይ በሚኖርበት ሰፈር ይህ ረቂቅ ነገር አይደለም። የአንዱ ልጅ ባትሪ የምታሽከረክራትን መኪና ሲነዳ የሌላው ልጅ በር ላይ ቆሞ ያያል። እናቱም ታያለች።

የሕፃን ገንዘብ የማን ነው?

«ታዲያ በሕፃኑ ስም ለሌላ መስጠት የልጁን ሐቅ መንካት አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎን፣ ሊሆን ይችላል ነው። ዓቂቃውም ሶደቃውም የሚወጡት ከወላጅ ኪስ እንጂ ከልጁ ንብረት አይደለም። በፊቅህ ሕፃን የራሱ ንብረት ያለው ሰው ነው። ይወርሳል። ስጦታም ይሰጠዋል፤ በእሱ ፈንታ ወልዩ ሲረከብለት ንብረቱ የልጁ ይሆናል። የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት የሕፃን ሀብት ኒሳብ ከሞላ ዘካ ይወጣበታል፣ የሚያወጣውም አሳዳጊው ነው ሲሉ፣ ሐነፊዮች በገንዘቡና በወርቁ ላይ እስኪደርስ ድረስ ዘካ የለበትም ይላሉ። በዘካው ይለያዩ እንጂ የገንዘቡ ባለቤት ሕፃኑ ራሱ በመሆኑ ላይ አይለያዩም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በልደት ቀን እንግዳው በልጁ እጅ ብር ያስይዛል። ልጁ ከተኛ በኋላ ብሩ ይቆጠራል። ለኬኩ፣ ለለስላሳው፣ ለተከራየው ወንበርና ለፎቶ አንሺው ይከፈላል። ማንም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን የሕፃኑን ገንዘብ ወስደን ለእንግዶቻችን ድግስ ከፈልንበት ማለት ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ ስለ የቲም ገንዘብ የተናገረው ብርቱ ማስጠንቀቂያ አባት ላለው ልጅ በቀጥታ የወረደ ባይሆንም፣ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ንብረት ምን ያህል ከባድ አማና እንደሆነ ያሳያል። እዚያው ሱራ ላይ የተቸገረ አሳዳጊ በአግባቡ ሊጠቀም እንደሚችልም ተገልጿል። የቤት ኪራይ ጎድሎ፣ ወተት አልቆ ከሆነ ወላጅ ከልጁ ገንዘብ ለልጁ ቢያወጣ የሚወቅሰው የለም። ችግርና ድግስ ግን አንድ አይደሉም። ለአባት ከልጁ ላይ የሰጠውን መመለስ የሚፈቅዱ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ እንደ እኔ ላለ አጎት የሰጡትን መልሶ መውሰድ በሐዲስ እጅግ የተወገዘ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የምሰጥ ከሆነ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሜ ከወላጆቿ ጋር መነጋገር አለብኝ።

ወንድሞቿስ?

ልጅቷ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሏት። አንዱ ስድስት፣ አንዱ አራት ዓመቱ ነው። እሷ ስጦታውን አታውቅም፤ እነሱ ግን በደንብ ያውቃሉ። ኑዕማን ኢብኑ በሺር የሚዘግቡት ሐዲስ እዚህ ላይ ይታወሰኛል። አባታቸው ለእሳቸው ለብቻቸው ስጦታ ሰጡ። እናታቸው ዐምራ ቢንት ረዋሓ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካልመሰከሩበት አልወድም አሉ። አባትየው ሲሄዱ ነቢዩ የጠየቋቸው ስለ ስጦታው ዋጋ አልነበረም፤ ለሌሎቹ ልጆችህ ሁሉ እንዲሁ ሰጥተሃል ወይ ነበር ያሉት። አለመስጠታቸውን ሲሰሙ ለመመስከር ፈቃደኛ አልሆኑም።

ይህ ሐዲስ በቀጥታ የሚናገረው ስለ ወላጅ ነው። ይሁን እንጂ አጎትም በር ላይ ቆሞ ማሰብ አለበት። ለማታውቀው ልጅ አንድ ትልቅ ዕቃ ይዤ ብገባና ለሚያውቁት ወንድሞቿ ባዶ እጄን ብዘረጋ፣ በዚያ ቤት የሚታወስ ነገር ከሰጠሁት ስጦታ ይልቅ የነሳሁት ይሆናል። ፍትሕ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት አሻንጉሊት መግዛት ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ልጅ እንዳልተረሳ እንዲያውቅ ማድረግ ግን ግዴታ ነው እላለሁ። ታላቁ ልጅ «ይህን ለእህትህ እንድትጠብቅላት ሰጥቼሃለሁ» ሲባል ከስጦታው ውጭ አይሆንም፤ ባለ አማና ይሆናል።

ከእንጦጦ ተራራ

ከኮተቤም ሆነ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሁልጊዜ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ በዙሪያው ያለው አገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተጨፈጨፈ አለቀ። እንጨቱ ከመጥፋቱ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ደረሰ፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ፤ ከተማዋም በቦታዋ ቀረች።

የተተከለው ለንጉሥ ከተማ ነበር። በኋላ ማን ኖረበት? ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዚያ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን የወረዱ ሴቶች ኖረውበታል። ጥበቃ ያሳድዳቸው ነበር። ከዚያ እስር የተገኘችው ሳንቲም ለልጅ ዳቦና ደብተር ሆነች። እነዚያ እናቶች ልጃቸው አንድ ዓመት ሲሞላው ምን እንደሰጡት ቢጠየቁ «ምንም» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም፤ ስም አልወጣለትም እንጂ።

ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ሰጪ የስጦታውን ፍጻሜ አያዝዝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚጻፍለት አስተምረዋል፤ ማን እንደሚበላ ምረጥ አላሉም። ለልጅም ስንሰጥ «ዶክተር ትሆንበታለች» ብለን በስጦታው እጇን ማሰር የለብንም። ያደገችው ልጅ ለፍላጎቷ ታውለዋለች፤ ስጦታ የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ መትከልና ማጽደቅ ይለያያሉ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገር ደረጃ ችግኝ ሲተከል አይተናል፤ ችግኝ መትከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ባሕር ዛፍ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ለአጥር ይደርሳል። ዛሬ የተተከለ ጽድ ግን ግዙፍ ሆኖ የሚታየው ለልጅ ልጆቿ ነው፤ እስከዚያ ከፍየል የሚጠብቀው፣ በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከል የሚለው ሐዲስ፣ ፍሬውን አይቼ ካልሆነ አልሠራም ለሚል ልብ ትልቅ ተግሣጽ ነው።

«እንግዲያው ዛፍ ትከልላት» ትሉኝ ይሆናል። የት? ወንድሜ ተከራይ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ተከራይ ደግሞ ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት እንኳ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ቦታ ያለው ይትከል። ቦታ የሌለው የዛፉን ጠባይ ይውሰድ፦ ሰጪው በየዓመቱ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያስገድድ ስጦታ ይምረጥ።

ታዲያ ምን ይሰጥ?

ይህን ሁሉ አስቤ የደረስኩበትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ከሁሉ አስቀድሞ ለልጁ የሚገባው ነገር መሟላቱ ይጠየቅ፤ ሐቅ ሳይሟላ ስጦታ የለም። የልደት ምዝገባ አንዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለልደቷ ኬክ ታዞ የልደት ካርዷ ያልወጣ ልጅ ካለች ነገሩ ተገልብጧል። ክትባትም እንዲሁ ነው። የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት የሚሰጠው በ15 ወር ነው፤ ከአንድ ዓመት ልደት ሦስት ወር በኋላ። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ዳዴ ብሎ ከተነሳ በኋላ ጤና ጣቢያ መሄዱን ይዘነጋል። አጎት በዚያች ቀን ታክሲ ከፍሎ ቢወስዳት ከአሻንጉሊት ይበልጣል። ጫማ የሌላት ከሆነ ደግሞ ጫማ ይገዛላት፤ ለጎደለው ነገር ፍልስፍና አያስፈልግም።

ይህ ከተሟላ ሁለት ነገር መርጫለሁ። የመጀመሪያው በስሟ የሚከፈት የቁጠባ ሒሳብ ነው። ወለድን በመሸሽ ገንዘባችንን ከባንክ ያራቅንበት ዘመን ረጅም ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ ከፈቀደ በኋላ በነባር ባንኮች መስኮት ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሰበቡ የለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማስገባት ይልቅ በየወሩ ጥቂት አስገባለሁ፤ እንግዳው የሚሰጣትም ወደዚያው እንዲገባ ከወላጆቿ ጋር ተስማምተናል። ለወንድሞቿም በዚያው መጠን ይከፈታል። ገንዘብ እንደሚሟሽሽ አውቃለሁ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ገንዘቡን ብቻውን አልተማመንበትም።

ሁለተኛው ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው። በእሱ ላይ በየዓመቱ አንድ ገጽ ይጻፍላታል፦ በዚያ ዓመት ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ኪራዩ ስንት እንደነበር፣ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል፣ የእናቷ እናት ስለ ልጅነታቸው የነገሩን፣ የታመመች ሌሊት አብሯት ያደረ ሰው ስም። ማን ምን እንደሰጣት፣ በእሷም ስም ለማን ምን እንደተሰጠ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዘንድሮው ይኖራል፤ በሰፈሩ ከእሷ ጋር አንድ ሰሞን ለተወለደች ልጅ፣ ማንም ሳይሰማ፣ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ወላጆቿ ይሰጣሉ። የሰባተኛው ቀን ሥርዓት በአንደኛው ዓመት የሚቋረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

«ይህ ሁሉ የድሃ ማጽናኛ ነው፤ ገንዘብ ቢኖርህ ወርቁን ትገዛ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ወርቅ ሐራም አይደለም፤ ለሴት ልጅ ጌጥም ቅርስም ነው፣ ያለው ይግዛ። ድህነትንም ማሳመር አልፈልግም፤ ልጅ የሚያድገው በደብተር ሳይሆን በምግብ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ወርቁም ቢሆን ተሰጥቶ ሰጪው ከጠፋ፣ ልጅቷ ስታድግ የምታውቀው ጉትቻውን እንጂ አጎቷን አይደለም። ልጅ የመጀመሪያ ዓመቷን አታስታውስም። በዚያ ዓመት ማን በቤቷ ይመላለስ እንደነበር ግን፣ ሰውየው መምጣቱን ካላቋረጠ፣ በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በአሥራ አምስተኛው ዓመቷ ታየዋለች። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ስጦታ ምን እንደነበር ማንም ሳይነግራት ይገባታል።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ በእጃችን ያለውንም አማና ለባለቤቶቹ የምናደርስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።